ግማሽ ዱዓ

ከወሎ ደጋ ወርዶ ወደ አፋር በረሃ በሚገባው የድሮ የእግር መንገድ ላይ፣ ተራሮቹ ከኋላ ደብዝዘው ሲቀሩ፣ አንዲት ያረጀች የቁርቁራ ዛፍ ብቻዋን ቆማ ትታያለች። ከሥሯ ዙሪያውን በድንጋይ የተከበበ ጠባብ የውሃ ጉድጓድ አለ። ስሙ ግማሽ ዱዓ ይባላል፤ ከጎኑ ያለችው ትንሽ መንደርም የምትጠራው በዚሁ ስም ነው። ከቁርቁራዋ ቅርንጫፍ ላይ ሁልጊዜ የቃጫ ገመድ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ገመዱ ሲያረጅ ማን እንደሚለውጠው አይታወቅም፤ ብቻ ቅርንጫፉን ባዶ ሆኖ ያየው ሰው የለም። ከጉድጓዱ ከፍ ብሎ፣ ጎርፍ የማይደርስበት ዳገት ላይ፣ ድንጋይ የተከመረባቸው ሁለት መቃብሮች ጎን ለጎን አሉ።

የዚያች መንደር ሰው ሐዘን ሲደርስበት የሚያደርገው ነገር ሌላ አገር አይገኝም። ሙስሊም ሁሉ መከራ ሲያገኘው የሚለው ዱዓ አለ፤ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን፤ አላሁመ አጅርኒ ፊ ሙሲበቲ፤ ወአኽሊፍ ሊ ኸይረን ሚንሃ።» እኛ የአላህ ነን፣ ወደርሱም ተመላሾች ነን፤ ጌታዬ ሆይ፣ በደረሰብኝ መከራ ምንዳ ስጠኝ፤ ከእርሷም የተሻለ ተካልኝ፤ ማለት ነው። የግማሽ ዱዓ ሰው ግን ሞት ቤቱ ሲገባ «ሙሲበቲ» እስከሚለው ድረስ ብሎ ዝም ይላል። የቀረውን እሱ አይለውም፤ እናቱም ወንድሙም አይሉለትም። የሚሞላለት መንገደኛ ነው፤ ዘመድ ያልሆነ፣ ሟቹን የማያውቅ። መንገደኛ ከሌለ አንድ ሰው ወደ መንገዱ ይላካል፣ አላፊ እስኪገኝ ይጠበቃል። የተገኘው ሰው ይገባል፣ ውሃ ይቀርብለታል፣ የጎደለውን ይሞላል፤ ከዚያ በአማርኛ «ለእሱ ነው ያ ረቢ፣ ለእኔ አይደለም» ይላል። ለቀስተኛው ሁሉ «አሚን» ይላል። እህል የሚቀመሰው ከዚያ ወዲያ ነው።

ይህ ለምን ሆነ ቢባል፣ አባቶች ከአባቶቻቸው ሰምተው የሚናገሩት እንዲህ ነው።

ሐጃጅ በእግሩ በሚሄድበት ዘመን ነው ይባላል። ያን ጊዜ ከደጋ የተነሳ ሰው ቆላውን አቋርጦ፣ በረሃውን አልፎ፣ ባሕሩ ዳር ከደረሰ በጀልባ ይሻገራል። የሄደው ሁሉ አይመለስም። ስለዚህ ሲነሳ «አውፍ በሉኝ» ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ዘመድም አልቅሶ ይሸኘዋል፤ ቢመለስ እንደ አዲስ ልደት ነው፣ ባይመለስ ለቅሶው አስቀድሞ ደርሷል።

በዚያ ዘመን ወይራ አምባ በሚባል መንደር ኑርዬ የሚባል ገመድ ሠሪ ነበር። ቃጫ ሲፈትልና ሲገምድ የኖረ ሰው ስለሆነ መዳፉ እንደ በሬ ጫንቃ የደደረ ነበር ይባላል። ሚስቱ መዲና ትባላለች። አላህ ልጅ አልሰጣቸውም። የኑርዬ አጎቶች በመጡ ቁጥር ወሬያቸው አንድ ነው።

«አንተ ኑርዬ፣ መካን ታቅፈህ ልትሞት ነው? እሺ በለንና ከእርሷ የተሻለች እንተካልህ።»

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ መሐሉን የሚከፍለው ጨርቅ ነው። መዲና ከጨርቁ ወዲያ ጥጥ እየፈተለች ሁሉንም ትሰማለች። ኑርዬ በተፈጥሮው ለትልቅ ሰው አፍ የማይመልስ ስለሆነ አንገቱን ደፍቶ ገመዱን ይገምዳል። አንድ ቀን አጎቶቹ ከሄዱ በኋላ መዲና ጨርቁን ገለጥ አድርጋ፣

«ምን አልካቸው?» አለችው።

«ምን እላቸዋለሁ? ሰምተሽ የለም እንዴ?»

«ዝም ስትል ሰማሁህ» አለችና ጨርቁን መለሰችው።

ይህች አነጋገር እንደ እሾህ ገባችበት። ተነስቶ ሄደና ከፊቷ ቁጭ ብሎ ማለላት። «ወላሂ መዲና፣ ከእርሷ የተሻለ የሚለው ቃል ለራሴ ብዬ ከአፌ ከወጣ ምላሴ ይተሳሰር» አላት። ከዚያ ወዲህ አጎቶቹ ሲመጡ እሱም መልስ መስጠት ጀመረ፣ እነሱም መምጣቱን ተዉት።

ሐጁን የፈለገችው እርሷ ናት ይባላል። ለሁለቱም ለሐጅ የሚሆን ነጭ ጥጥ ፈትላ ልብስ አስሠርታ፣ ጠቅልላ አስቀምጣ ነበር። ኑርዬ በመንደሩ ፊት ሲቀልድባት፣ «ሰው መዲናን ፍለጋ አገር ያቋርጣል፣ እኔ መዲና ቤቴ አለች፤ ምን አስኬደኝ?» ይል ነበር። እርሷም፣ «ያቺ እንደኔ አትጮህብህም፣ ሂድና እረፍ» ትለዋለች። በመጨረሻ ተነሡ።

የሐጃጆቹ መሪ ሸህ ቡሽራ የሚባሉ ዓሊም ነበሩ። ከእርሳቸው ጋር እመት ሰዕዳ የምትባል ታላቅ እህታቸው አለች። እናታቸው በሕፃንነታቸው ስለሞተች ያሳደገቻቸው እርሷ ናት። አገር ሁሉ ጎንበስ ብሎ «ሸሆቹ» ሲላቸው፣ እርሷ ግን በሰው መሐል «አንተ ቡሽራ፣ ጥምጣምህ ተፈቷል፣ እሰረው» ትላቸዋለች፤ እርሳቸውም ያስራሉ። መንገድ የሚመራው ሐመዱ የሚባል የአፋር ሰው ነበር።

ዓመቱ ዝናብ የጠፋበት ነበር። መጀመሪያ የደረሱበት የውሃ ጉድጓድ ጭቃ ብቻ ነበረው። ቀጥሎ ያለው ጭቃም አልነበረውም፤ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጣጥቆ የሞተ ጅብ ከመሐሉ ተኝቶበት አገኙት። ወደኋላ እንዳይመለሱ ያለፉት ደርቋል፣ ወደፊት ያለውን ሐመዱ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ እሱም መናገር ትቷል። ሰዎቹ የመንገደኛ ሶላት እያሳጠሩ፣ በውሃ ፋንታ በአፈር ተየሙም እያደረጉ ይሄዳሉ። መዲና «ሶላቱ ባጠረ ቁጥር መንገዱ ረዘመ እኮ» ብላ አሳቀቻቸው። የሳቁት ያኔ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም።

መዲናን ንዳድ ያዛት። ኑርዬ ገመድ ሠርቶ ከሁለት እንጨት ጋር እያሰረ አልጋ ሠራላት፣ ሰዎች እየተቀባበሉ ተሸከሟት። ከቆዳ እርኮቷ ውሃ ሲያቀርብላት ትጎነጫለች፣ ጉንጯ ሲሞላ ያያል፣ ይረጋጋል። እንዲህ እያለ ከዚህች ቁርቁራ ደረሱ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ማለት ጀምራለች። ጥላው ሥር አወረዷት።

«ኑርዬ» አለችው።

«አለሁ።»

«መዲናን በረሃ ጥለህ መዲና ልትገባ ነው።»

ሊስቅላት ፈለገ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ስለነበር ደማ። «ዝም በይ፣ ድካም ነው፣ ትንሽ ጠጪ» አላት።

«ጠጥቻለሁ፤ አንተ ጠጣ።»

ከዚያ የእምነት ምስክርነቷን፣ ሸሃዳዋን አለች። ጣቷን ወደ ሰማይ እንደቀሰረች ነፍሷ ወጣች።

ኑርዬ አላለቀሰም ይባላል። የሚያለቅስበት እንባ ሰውነቱ ውስጥ አልነበረም። ሸህ ቡሽራ ከጎኑ በርከክ ብለው «በል ልጄ፣ ተከተለኝ» አሉት። እርሳቸው ይላሉ፣ እሱ ይከተላል። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ። «አላሁመ አጅርኒ ፊ ሙሲበቲ» አለ። ሸሁ «ወአኽሊፍ ሊ ኸይረን ሚንሃ» ሲሉ ግን ቆመና፣

«ይሄኛው ምን ማለት ነው ሸሆቹ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ከእርሷም የተሻለ ተካልኝ ማለት ነው።»

ኑርዬ ቀና ብሎ አያቸው። አፉን ገጠመ።

«በል እንጂ ልጄ።»

«አልልም።»

«ዱዓው እኮ ነው፤ ነቢያችን ያስተማሩን ነው። ተቆርጦ አይቀርም።»

«ይቆረጥ! ይህን ቃል ዘመዶቼ ቤቴ ድረስ እየመጡ ሲሉኝ ኖረዋል፣ እርሷም ስትሰማ ኖራለች። ዛሬ እኔ ልበላት? ፊቷ ሳይሸፈን?»

ሸሁ ሊመልሱ ሲሉ ሐመዱ ዱላውን ይዞ መጣ። «ሸህ፣ ፀሐይ አይጠብቅም። ሴትዮዋ ይቀበር፣ እንሂድ። እዚህ ቁጭ ካልን ሁላችን እዚህ ነን» አለ።

«ሂዱ» አለ ኑርዬ። «ዱዓውን አልጨርስም፤ ያለ ዱዓም አልቀብራትም። እኔ እዚሁ ከጎኗ ነኝ።»

ይህን ሲል እውነቱን እንደሆነ ሁሉም አወቁ። እዚያ የቀረ ሰው እስከ ማግስቱ እንደማይቆይ ሕፃንም ያውቀዋል። ቆመው ሲተያዩ እመት ሰዕዳ እየተጎተተች መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«አንተ ቡሽራ፣ ተወው» አለች ወንድሟን። ወደ ኑርዬ ዞረች። «የኔ ጌታ፣ አንተ የቻልከውን ብለሃል። ያቃተህን እኔ ልበልልህ። አንተ ባሏ ነህ፣ ካንተ አፍ ቢወጣ ትቀየማለች። እኔ ማነኝ? መንገደኛ ነኝ። በኔ ማን ይቀየማል?»

«እንዲህም ይሆናል እንዴ?» አለ ከሰዎቹ አንዱ።

«የመንገደኛ ዱዓ አይመለስም ብሎ ያስተማረን ይሄው ቡሽራ አይደለም? ወይስ እኔ መንገደኛ አይደለሁም?» አለች። ሸህ ቡሽራ አንገታቸውን ደፉ።

እመት ሰዕዳ መዳፏን ዘርግታ የቀረውን አለችው። ዐረብኛዋ የተሰባበረ ነበር ይባላል፤ ግን አለችው። ሰዎቹ በደረቀ ምላስ «አሚን» አሉ። ኑርዬ አሚን አላለም፣ አልከለከለምም። ተነሣ። ዶማውን ሊያነሳ ሲል እርኮቱ ከትከሻው ወደቀ፣ ሲያነሳውም ከበደው። ጠዋት ባዶ ነበር። ፈታው፣ አየ። ስትጎነጭ ያያት ውሃ ሁሉ እዚያ ነበር። እሱ እርኮቱን ከአልጋዋ አጠገብ አኑሮ ሶላት ሲቆም፣ ወይ ፊቱን ሲያዞር፣ ጉንጯ ውስጥ ይዛ ወደ እሱ እርኮት ስትመልሰው ውላለች። ለማንም አልተናገረም። እርኮቱን መልሶ አሰረው፣ ትከሻው ላይም አንጠለጠለው።

መቃብሩን የቆፈሩት አፈሩ ላላ ያለበት ቦታ፣ ከቁርቁራዋ ሥር ነው። በተየሙም ሊቀብሯት ነው፣ ምክንያቱም ሌሎቹ እስከሚያውቁት እንኳን ለማጠቢያ ለምላስም ውሃ የለም። ኑርዬ ለማንም ዶማውን አልሰጠም። ወገቡ ድረስ ሲገባ አፈሩ ጠቆረ። ጥቂት እንደቆፈረ እግሩን ቀዘቀዘው። ጎንበስ ብሎ በእጁ ቢጭረው ከጣቶቹ መሐል ውሃ ወጣ።

«ውሃ! ያ ጀሊል፣ ውሃ ነው!» ያለው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሁሉም እየተገፋፉ መጡ፣ ያልቻለው በጉልበቱ ዳኸ። አንደኛው ሰው ከደስታው የተነሳ፣ «ኑርዬ፣ ዱዓው ተሰማ! አላህ ተካልህ!» ብሎ ጮኸ።

ኑርዬ ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና አለ። በእጁ ጭቃ ውሃ ይዟል።

«ይሄ ነው የተተካልኝ?» አለ። «ከመዲና የተሻለው ይሄ ነው?»

 ምን ይባላል? እሱ ከጉድጓዱ መሐል ቆሟል፣ ውሃው ከእግሩ ሥር እየሰፋ ነው፣ ሰዎቹ ምላሳቸው አብጦ ከላይ ቆመው ያዩታል። የሚስቱ መቃብር ስለሆነ ማንም ሊገባበት አልደፈረም።

«መጀመሪያ እርሷ ትታጠብ» አለ። «በአፈር አትሄድብኝም።»

ሸህ ቡሽራ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ውሃው ጥቂት ሲሆን ሕያው ነፍስ ይቀድማል። ሸሪዓው እንዲህ ነው» አሉት።

ኑርዬ ወደ መዲና ተመለከተ። በፈተለችው ነጭ ተሸፍና ተኝታለች። ከትከሻው ላይ የእርኮቱ ክብደት ይሰማዋል። ሕያውን ያስቀደመችው እርሷ ራሷ እንደሆነች ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም።  ከዚያ ሁለት እጁን መሬት አስደግፎ ወጣና ፊቱን አዞረ።

«ጠጡ» አለ።

ጠጡ። እመት ሰዕዳ ብቻ አልጠጣችም፤ ከኑርዬ ጎን ተቀምጣ ጠበቀች። ውሃው እንደገና ሲጠራቀም ሴቶቹ መዲናን አጠቧት። ያ መቃብር ለሙት መሆኑ ቀርቶ ለሕያው ስለሆነ፣ ለእርሷ ዳገቱ ላይ ሌላ ተቆፈረላት፤ ያንንም የቆፈረው እሱ ነው። በተቀበረች ጊዜ ኑርዬና እመት ሰዕዳ ከአንድ ቅል ጠጡ።

በማግስቱ ሐጃጆቹ ሲነሡ ኑርዬ አልተነሳም። ሸሁ «ሐጅህስ?» ቢሉት፣ «መዲና እዚህ ናት» አላቸው። እነሱም አላስጨነቁትም።

እንደሚነገረው ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። ኑርዬ ጉድጓዱን በድንጋይ ገነባ፣ ቃጫ ፈልጎ ገመድ ገመደ፣ ከቆዳ መቅጃ ሰፋ። መንገደኛ ሲመጣ ይቀዳለታል። አንዳንዱ ሴት ልጁን ሊድርለት ይፈልጋል፣ ሲጀምርለት ኑርዬ ተነስቶ ገመዱን ያጠብቃል። ስለ ዱዓው የሚጠይቀው ሲመጣ «ያቺ ግማሽ ናት» ይላል። የቦታው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

ሸህ ቡሽራ የተመለሱት ብቻቸውን ነው። ገላቸው ከስቶ፣ ጥምጣማቸው ተፈቶ በትከሻቸው ላይ ወድቋል። ኑርዬ ከሩቅ አያቸው፣ እሰረው የምትላቸው እንደሌለች ጥምጣሙን አይቶ አወቀ። ውሃ ቀዳላቸው፣ ከጠጡ በኋላ ነው የጠየቃቸው።

«እመትስ?»

«ባሕር ላይ» አሉ። «መቃብር የላትም ኑርዬ። በጨርቅ ጠቅልለን ወደ ውሃ ለቀቅናት።»

ከዚያ ዱዓውን ጀመሩ። «ኢና ሊላሂ» አሉ፤ «አላሁመ አጅርኒ ፊ ሙሲበቲ» አሉ፤ እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቆረጠ። እንደገና ጀመሩ፣ እዚያው ሲደርሱ ቆሙ።

«ሚንሃ ማለት ሴቲቱ አይደለችም» አሉ፣ ለእሱ ይናገሩ ለራሳቸው አይታወቅም። «መከራዋ ናት። ከመከራዋ የተሻለ ማለት ነው፣ ከእርሷ ማለት አይደለም። አውቀዋለሁ፣ ሰው አስተምሬበታለሁ። አፌ ግን እምቢ አለኝ። ጡት ብፈልግ ጣቷን ያጠባችኝ እርሷ ናት።»

ኑርዬ ገመዱን ቅርንጫፉ ላይ ሰቀለ። ዳገቱን ተመለከተ፣ የመዲናን ድንጋይ። የማለውን መሐላ ያስታውሳል፤ ቃሉን ለራሴ ብዬ ካልኩ ምላሴ ይተሳሰር ብሏል። ከሸሁ ፊት ተቀመጠና እንደ ገመድ የሻከረ መዳፉን ዘረጋ።

«ወአኽሊፍ ሊ ኸይረን ሚንሃ» አለ። ወዲያው ደግሞ ደንግጦ፣ እንዳይሳሳትበት ብሎ ወደ ሰማይ፣ «ለእሱ ነው ያ ረቢ፣ ለእኔ አይደለም!» አለ።

ምላሱ አልተሳሰረም። ሸህ ቡሽራ «አሚን» አሉ፣ የተሰበረውን ድምፃቸውን ለቀው አለቀሱ፣ ኑርዬም ያን ሁሉ ዓመት ያልመጣለት እንባ ያን ቀን መጣለት ይባላል። ሲጨርሱ ኑርዬ የሸሁን ጥምጣም አሰረላቸው።

ኑርዬ እዚያው አርጅቶ ሞተ። ለራሱ ዱዓውን ሞልቶት አያውቅም። የቀበሩት ስሙን እንኳ የማያውቁ ጨው ነጋዴዎች ናቸው፤ ከሌላው መቃብር ጎን ያጋደሙት ቦታው የተመቸ መስሏቸው ነው ይላሉ፣ አላህ ግን ያውቃል።

ዛሬ መኪናው በሌላ በኩል ያልፋል፤ በዚያ መንገድ የሚሄደው ጥቂት ነው። ዑለማዎቹ እየመጡ «ሚንሃ መከራዋ ናት፣ ራሳችሁ ብትሉት ነውር የለውም» ብለው ያስረዳሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ የመንደሩም ሰው «እውነት ነው» ብሎ ይቀበላል። ሞት ሲመጣ ግን ያው እዚያው ቃል ላይ ይቆማል። መንገደኛ እየጠፋ፣ ዱዓው ሳይሞላለት የሚያመሽ፣ የሚያድርም ሐዘንተኛ በዝቷል።

ስለዚህ ይመስላል፣ በዚያ የሚያልፍ ሰው፣ ሐዘን ባይኖርበትም፣ የሚያዳምጠው ባይኖርም፣ ገመዱን አውርዶ ውሃውን ከቀዳ በኋላ መዳፉን ዘርግቶ ያቺን የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ይላታል። ከፊቱ ማን አልፎ፣ ግማሹን እዚያ ትቶ እንደሄደ አያውቅምና። «ለእሱ ነው ያ ረቢ፣ ለእኔ አይደለም» ይልና ገመዱን ቅርንጫፉ ላይ መልሶ ሰቅሎ ይሄዳል።